ሲቪል ዋርን እና ባርነትን ከዘመኑ ወረቀት እንዴት እናንብብ፦ ከየት ጀምረን፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ምን እየጠየቅን

የሲቲዘንሺፕ ፈተና ያጠናችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ በ2008 በወጣው ፈተና ከነበሩት 100 ጥያቄዎች አንዱ "ወደ ሲቪል ዋር ካመሩት ችግሮች አንዱን ጥቀስ" ይል ነበር፣ መልስ ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ሦስት ነበር፦ ባርነት፣ የኢኮኖሚ ምክንያት፣ የስቴቶች መብት። አንዱን ካላችሁ በቃ አለፋችሁ። እኔ "ባርነት" ብዬ አለፍኩ፣ አብራኝ ስታጠና የነበረች ጓደኛዬ "ስቴትስ ራይትስ" ብላ አለፈች። ሁለታችንም ልክ ተባልን። እኔ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ፣ ያ ሁሉ ሰው ያለቀበት የአሜሪካ የሰሜን እና የደቡብ ጦርነት (ለብዙ ዘመን 620 ሺህ ሰው ሞተ ይባል ነበር፣ በ2011 የወጣ አዲስ ስሌት ደግሞ ወደ 750 ሺህ አድርሶታል) እንዴት ነው ሦስት መልስ ኖሮት ደስ ያላችሁን ምረጡ የሚባለው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፣ ያነበብኩትም ስለዛ ዘመን በኋላ የተጻፈውን ሳይሆን በዛ ዘመን የነበሩ ሰዎች ራሳቸው የጻፉትን ነው።

እዚህ የማስቀምጠው እኔን የጠቀመኝን አካሄድ ነው። የታሪክ ዲግሪ አያስፈልግም። ልጁ ሀይስኩል ገብቶ የማይመልሰው የሆምወርክ ጥያቄ ለሚያመጣበት ወላጅም ይሆናል። ወረቀቶቹ አብዛኞቹ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ፣ የላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ እና የናሽናል አርካይቭስ ዌብሳይቶች ላይ ስማቸውን ብትፈልጉ ይመጣሉ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ደብተር ያዙ፣ አራት ጥያቄ ጻፉበት

ስልክ ላይም መያዝ ይቻላል፣ ግን ደብተር ይሻላል፣ ወደ ኋላ እየገለጣችሁ ታነጻጽራላችሁ። ለምታነቡት ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አራት ነገር መዝግቡ፦ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ሲጽፍ ገና ያላወቀው ነገር ምን ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ማንም አስተማሪ ይነግራችኋል። ለኔ ቁልፉ አራተኛው ነው። በጃንዋሪ 1861 የጻፈ የደቡብ ሰው እንደሚሸነፍ አያውቅም፣ ስለዚህ የሚደብቀው ነገር የለም፣ በልቡ ያለውን በኩራት ነው የሚጽፈው። ያው ሰውዬ በ1868 ሲጽፍ ግን መሸነፉን ያውቃል፣ ባርነት በሕግ መቅረቱን ያውቃል፣ ልጅ ልጆቹ ምን ብለው እንደሚያነቡት ያስባል። ሁለቱን ጽሑፍ እኩል አድርጎ መያዝ አይቻልም። ይቺን አራተኛ ጥያቄ ሳልጠይቅ ያነበብኩት ሁሉ በኋላ ደግሜ ማንበብ ነበረብኝ።

ደረጃ 2፦ የቀን ዝርዝር በአንድ ገጽ

ይሄ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። 1787 ሕገ መንግሥቱ ተረቀቀ፤ 1850 ያመለጠ ባሪያ ሰሜን ቢገባም ተይዞ እንዲመለስ የሚያስገድደው ሕግ ወጣ፤ 1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ መሆን አይችልም ብሎ ፈረደ፤ ኖቬምበር 1860 ሊንከን ተመረጠ፤ ዲሴምበር 20፣ 1860 ሳውዝ ካሮላይና ተገነጠለች፤ ኤፕሪል 12፣ 1861 ፎርት ሰምተር ምሽግ ላይ ተኩስ ተከፈተ፣ ጦርነቱ ተጀመረ፤ ጃንዋሪ 1፣ 1863 የነፃነት አዋጁ፤ ኤፕሪል 9፣ 1865 የደቡቡ ጄኔራል ሊ አፖማቶክስ ላይ እጁን ሰጠ፤ ዲሴምበር 6፣ 1865 ባርነትን የከለከለው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸደቀ። ኤፕሪል 1861ን እና ኤፕሪል 1865ን በደማቁ አስምሩባቸው። ማንኛውም ወረቀት እጃችሁ ሲገባ ከሁለቱ በፊት ነው፣ በመሀል ነው ወይስ በኋላ ነው የሚለውን መጀመሪያ እዩ።

ደረጃ 3፦ የተገነጠሉት ራሳቸው ምን ብለው ጻፉ?

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፣ ጥያቄው ያለው እዚህ ነው። 11 ስቴቶች ተገንጥለዋል፣ ከነሱ ሳውዝ ካሮላይና፣ ሚሲሲፒ፣ ጆርጂያ እና ቴክሳስ ለምን እንደተገነጠሉ ምክንያታቸውን ዘርዝረው ለዓለም ጽፈዋል። ሰው ስለነሱ ምን አለ ሳይሆን እነሱ ስለራሳቸው ምን አሉ የሚለው ማለት ነው።

ከሳውዝ ካሮላይና ጀምሩ። አትሙትና እስክሪብቶ ይዛችሁ እያንዳንዱን ቅሬታ አስምሩበት። የመጀመሪያው ግማሽ ስለ 1776ቱ የነፃነት አዋጅ (ከእንግሊዝ ስለተለዩበት) እና ስለ ስቴቶች ሉዓላዊነት የሚያወራ ስለሆነ "አሃ፣ ስቴትስ ራይትስ ነው" ልትሉ ትችላላችሁ፣ አትቁሙ፣ ቀጥሉ። ወደ መሀል ስትደርሱ የተናደዱበት ነገር ይመጣል፦ የሰሜን ስቴቶች ያመለጡ ባሪያዎችን አንመልስም የሚል የራሳቸውን ሕግ አወጡ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ደግሞ ባሪያ ይዞ ማለፍ እንኳን ተከለከለ ይላል። እስቲ አስቡት። የሰሜን ስቴቶች የራሳቸውን መብት ተጠቅመው እኛ ግዛት ውስጥ ይሄ አይሆንም አሉ፣ ደቡብ የተቆጣው በዚህ ነው። የስቴት መብት ብቻውን መርህ ቢሆን ኖሮ የኒው ዮርክን መብት ያከብሩ ነበር። በ1850ው ሕግ የፌደራሉ መንግሥት ሰሜን ድረስ ገብቶ ሰው እንዲያስይዝላቸው የፈለጉትም እነሱ ናቸው። እኔ ይሄን ሳነብ ነው ለጓደኛዬ የደወልኩት።

ቀጥሎ ሚሲሲፒን አንብቡ። አያዞርም፣ ገና ከመግቢያው አቋማችን ከባርነት ሥርዓት ጋር ሙሉ በሙሉ የተቆራኘ ነው፣ እሱም የዓለም ትልቁ ቁሳዊ ጥቅም ነው ይላል። እዚህ ላይ ያቺ "የኢኮኖሚ ምክንያት" የምትባለዋ ሁለተኛ መልስ ራሷ ተፈታች። አዎ ኢኮኖሚ ነው፣ ኢኮኖሚው ግን ሰው ነበር። በ1860ው ቆጠራ ወደ 3.95 ሚሊዮን ሰው በባርነት ተይዞ ነበር፣ ሚሲሲፒ እና ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ከሕዝቡ ከግማሽ በላዩ ማለት ነው።

ከዛ የኮንፌደሬቶቹን፣ ማለትም የተገነጠሉት ስቴቶች ያቆሙትን መንግሥት፣ ሕገ መንግሥት (ማርች 1861) ከ1787ቱ ጎን ለጎን ክፈቱ። አብዛኛው ቃል በቃል ቅጂ ነው፣ ስለዚህ የተለወጠውን ብቻ ፈልጉ። የ1787ቱ "ባሪያ" የሚለውን ቃል አንድም ቦታ አይጠቀምም፣ "ለአገልግሎት የተያዘ ሰው"፣ "ሌሎች ሰዎች" እያለ ነው የሚዞረው፣ ለውክልና ሲቆጠሩም ሦስት አምስተኛ ተብለው ነው የገቡት። የ1861ዱ ግን ቃሉን በግልጽ ይጽፈዋል፣ ጭራሽ በጥቁር ባሪያ ላይ ያለን የንብረት መብት የሚነካ ሕግ ኮንግረሳቸው እንዳያወጣ ይከለክላል። በኮምፒውተር "ስሌቭ" የሚለውን ቃል ፈልጉበት፣ በሁለቱም ላይ፣ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

በመጨረሻ የአሌክሳንደር ስቲቨንስን ንግግር አንብቡ። የኮንፌደሬቶቹ ምክትል ፕሬዚዳንት ነው፣ ማርች 21፣ 1861 ሳቫና ከተማ ላይ የተናገረው። የአዲሱ መንግሥታችን የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አይደለም፣ ባርነት ተፈጥሯዊ ቦታው ነው የሚለው እውነት ነው አለ። ሕዝብ ፊት ነው የተናገረው፣ ገና ጦርነቱ ሳይጀመር። አራተኛዋን ጥያቄ እዚህ ጻፉባት፦ እንደሚሸነፍ አያውቅም።

ደረጃ 4፦ ያው ሰዎች ከሽንፈት በኋላ

አሁን ዘመኑን ዝለሉና ያንኑ ስቲቨንስን ከ1868 ጀምሮ ባወጣው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፉ ውስጥ እዩት። ጦርነቱ በሥልጣን ክፍፍል፣ በስቴቶች ሉዓላዊነት ላይ የተነሳ ክርክር ነው ይላል። ፕሬዚዳንታቸው የነበረው ጄፈርሰን ዴቪስም በ1881 ባሳተመው ባርነት የጦርነቱ ምክንያት አልነበረም፣ እግረ መንገዱን የመጣ ነገር ነው ብሎ ጽፏል። "ስቴትስ ራይትስ" የምትለዋ መልስ እስከ ፈተና ወረቀታችን ድረስ የመጣችው በዚህ መንገድ ነው። መሀል ላይ ደግሞ በ1894 የተመሠረተው የኮንፌደሬት ሴት ልጆች ማኅበር አለ፣ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ምን ማለት እንዳለባቸው ለአሥርት ዓመታት የታገለ፣ ሐውልት ያቆመ ማኅበር ነው።

ሐውልትም ጽሑፍ ነው፣ የቆመበትን ዓመት አንብቡ። እኔ የምኖርበት አካባቢ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ ብዙ ሐበሻ ያለበት ከተማ፣ መንገድ መሀል አንገቱን ደፍቶ የቆመ የኮንፌደሬት ወታደር ሐውልት ነበር። ስንት ዓመት በሥሩ አልፌያለሁ። የቆመው በ1889 ነው፣ ጦርነቱ ካለቀ 24 ዓመት በኋላ። የተነሳው ጁን 2020 ላይ ነው።

ይሄን ደረጃ አትዝለሉት፣ ውሸት ነው ብላችሁ አትተዉት። ጎረቤታችሁ ወይም የሥራ ባልደረባችሁ ይሄን ተምሮ ያደገ ሊሆን ይችላል፣ ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ መነጋገር አትችሉም።

ደረጃ 5፦ የሚያሳስቱ ቃላት

ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ይሄ የራሱ ችግር አለው። በደብተሩ መጨረሻ የቃላት ገጽ ክፈቱ።

"ሰርቫንት" የሚለው በደቡብ ሰዎች ደብዳቤ ላይ ደመወዝተኛ አገልጋይ ማለት አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ በባርነት የተያዘ ሰው ነው፣ በጨዋ ቋንቋ ሸፍነውት ነው። "ሃንድስ" ካሉም እጅ አይደለም፣ እርሻ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው።

"ኮንትራባንድ" የሚለው ደግሞ እኛ ኮንትሮባንድ ከምንለው ጋር አንድ ቃል ነው፣ ግን እቃ ሳይሆን ሰው ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሜይ 1861 ላይ ሦስት ሰዎች፣ ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪ እና ጄምስ ታውንሴንድ፣ ከኮንፌደሬቶቹ አምልጠው ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለው ፎርት ሞንሮ ምሽግ ገቡ። የኮንፌደሬት መኮንን መጥቶ በ1850ው ሕግ መሠረት መልሱልን አለ። የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል በትለር ጠበቃ ነበር፣ እናንተ ከአሜሪካ ወጥተናል ብላችኋል፣ የአሜሪካ ሕግ አያገለግላችሁም፣ ንብረት ናቸው ካላችሁም ለጦርነት የምትጠቀሙበት ንብረት ስለሆነ ወርሼዋለሁ አለው። ከዛ በኋላ ወደ ሰሜን ጦር የሸሸ ሁሉ "ኮንትራባንድ" ተባለ። ቃሉን ስታዩ እነዛን ሦስት ሰዎች አስቡ፣ ሕጉ የተለወጠው ሰዎቹ በእግራቸው ስለመጡ ነው።

ሌላው "ባሪያ" የሚለው የራሳችን ቃል ነው። እኛ ጋ ቃሉ እስከ ዛሬ ድረስ ለስድብ የሚውል ነው፣ በራሳችን ሀገር ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን። ለልጆች ስተረጉም "በባርነት የተያዘ ሰው" እያልኩ ነው የምተረጉመው፣ ይረዝማል ግን የያዘው ሰው እንዳለ ያስታውሳል። የባለቤቶቹን ጽሑፍ ስተረጉም ግን እነሱ ያሉትን ቃል አልለሰልሰውም።

ደረጃ 6፦ በባርነት የኖሩ ሰዎች የጻፉት

በባርነት ተወልዶ ካመለጠው ከፍሬድሪክ ዳግላስ ጀምሩ፣ ከ1845ቱ መጽሐፍ፣ አጭር ነው፣ በሁለት ቅዳሜ ያልቃል። ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እንደማያውቅ ይነግራችኋል። ብዙዎቻችን ወረቀታችን ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ስለተጻፈልን ይሄ ቶሎ ይገባናል፣ ልዩነቱን ግን አስተውሉ፦ የኛ ወላጆች የጻፈ ሰው ስላልነበረ ነው፣ እሱ ግን ጌታውን መጠየቅ ክልክል ነበር። እናቱን በሕይወቱ ከአራት ወይም አምስት ጊዜ በላይ አላያትም፣ ሌላ እርሻ ላይ ነበረች፣ ቀን ስትሠራ ውላ ማታ 12 ማይል በእግሯ መጥታ አስተኝታው ሳይነጋ ትመለስ ነበር። ማንበብ እንዴት እንደተማረም ቀስ ብላችሁ አንብቡት፦ የጌታው ሚስት ፊደል ስታስጀምረው ባልየው አስቆማት፣ ማንበብ ለባርነት አያመቸውም አለ፣ ዳግላስም ያኔ ነው መንገዱ የገባው። ባልቲሞር መንገድ ላይ ለነጭ ልጆች ዳቦ እየሰጠ ፊደል ተማረ።

አሁን አራተኛዋን ጥያቄ ገልብጡና "አውቆ ያልጻፈው ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። በ1838 እንዴት እንዳመለጠ በ1845ቱ መጽሐፍ ላይ አይነግራችሁም። በዛው መንገድ ለሚያመልጡ ሌሎች በሩ እንዳይዘጋባቸው ብሎ ነው፣ ራሱ ይጽፈዋል። በ1881 ባሳተመው በሦስተኛው የሕይወት ታሪኩ ነው የመርከበኛ ወረቀት ተውሶ በባቡር መሄዱን የገለጠው። ባርነት እያለ የተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ባዶ ቦታ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ባዶው ሌላ ሰውን ከአደጋ እየጠበቀ ነው።

ጁላይ 5፣ 1852 ሮቸስተር ላይ ያደረገውን የነፃነት ቀን ንግግርም ጨምሩ። እናንተ ስታከብሩ እኔ አለቅሳለሁ የሚል ነው ባጭሩ። ረጅም ነው ግን እስከ መጨረሻው ሂዱ፣ መዝጊያው አካባቢ ላይ "ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች" የሚለውን የዳዊት መዝሙር ታገኙታላችሁ። እኔ ሳላስበው ስደርስበት እንባዬ መጣ። ሀገራችንን አይቷት አያውቅም፣ ለሱ ኢትዮጵያ ማለት የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ስም ነበረች።

ከሱ ቀጥሎ ሃሪየት ጄኮብስ። ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም፣ ማወቅ ግን አለበት። መጽሐፏ በ1861 ወጣ፣ ሊንዳ ብሬንት በሚል የተደበቀ ስም። ጌታዋ እየተከታተለ ሲያስቸግራት ኖርዝ ካሮላይና ኤደንተን ከተማ በአያቷ ቤት ጣሪያ ሥር፣ ርዝመቱ 9 ጫማ፣ ወርዱ 7 ጫማ፣ ከፍታው ቢበዛ 3 ጫማ በሆነ ቦታ ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ተደበቀች። መቆም አይቻልም። ልጆቿ ሲጫወቱ በቀዳዳ እያየቻቸው፣ መጥራት ሳትችል። ሰሜን ከደረሰች በኋላ ስትጽፈው አንዲት ሴት በባርነት ውስጥ በሰውነቷ ላይ የሚደርሰውን በግልጽ ማውራት ለዛ ዘመን አንባቢ ነውር ነበር፣ ስለዚህ ብዙ ቦታ ይቅርታ እየጠየቀች፣ እያመነታች ነው የምትጽፈው። ያንን ማመንታት አንብቡት። መጽሐፉን ለረጅም ዘመን ብዙ ምሁራን ልብ ወለድ ነው ብለው ትተውት ነበር፣ በ1980ዎቹ ጂን ፌጋን የሊን የተባለች ተመራማሪ ደብዳቤዎችን እና መዝገቦችን አገናኝታ እውነት መሆኑን እስክታረጋግጥ ድረስ። "ይሄ የተጋነነ ነው" ለማለት ስትቸኩሉ ይቺን ሴት አስታውሱ።

ደረጃ 7፦ የባለቤቶቹ ወረቀት

ሁለት ዓይነት ብቻ ልጥቀስ። አንደኛው ጋዜጣ ላይ የወጡ የጠፋብኝ ማስታወቂያዎች ናቸው፣ ያመለጠ ሰው ይዞ ለሚመጣ ወሮታ የሚሰጡ። ባለቤቱ ሰውየው እንዲታወቅ ብሎ ምልክቱን ይጽፋል፦ ጀርባው ላይ የጅራፍ ጠባሳ፣ የተቆረጠ ጆሮ፣ ምናልባት ሚስቱ ወዳለችበት ሄዶ ይሆናል። ባርነትን ለመክሰስ አይደለም የጻፈው፣ እቃ ለማስመለስ ነው፣ ለዛ ነው ምስክርነቱ የሚከብደው። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ 20 ዶላሩ ላይ ያለው አንድሩ ጃክሰን በ1804 ባወጣው ማስታወቂያ ላይ ያመለጠውን ሰው ለሚገርፍ ለእያንዳንዱ 100 ጅራፍ 10 ዶላር ጭማሪ፣ እስከ 300 ጅራፍ ድረስ፣ ብሎ ጽፏል።

ሁለተኛው የ1850 እና የ1860 የባሪያዎች ቆጠራ ቅጽ ነው። የባለቤቱ ስም አለ፣ ከሥሩ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የቆዳ ቀለም ተደርድሯል። የሰዎቹ ስም በአብዛኛው የለም። አንድ ገጽ ብቻ ከፍታችሁ ከላይ እስከ ታች ተመልከቱ፣ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ሊንከንን በቀን ቅደም ተከተል

ሊንከንን ከመሀል አውጥቶ ማንበብ ሁሉንም ያሳሳተ ነገር ነው፣ አንዱ መልአክ ያደርገዋል፣ ሌላው ዘረኛ ያደርገዋል፣ ሁለቱም የሚጠቅሱት ወረቀት አላቸው። ስለዚህ በተርታ፦ ማርች 1861 ሥልጣን ሲይዝ ባርነትን ባለበት ቦታ የመንካት ሐሳብ የለኝም አለ። ኦገስት 22፣ 1862 ለጋዜጣ አዘጋጁ ለሆራስ ግሪሊ በጻፈው ደብዳቤ አንድም ባሪያ ነፃ ሳላወጣ ኅብረቱን ማዳን ብችል አደርገዋለሁ አለ። ይቺን ደብዳቤ ነው ሰው የሚወረውራት። እዚህ ላይ "ለማን ጻፈው?" የሚለው ጥያቄ ይሠራል። ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ፣ ባርነትን ለማጥፋት ብዬ አልዋጋም ለሚለው የሰሜን ሰው ነው የተጻፈችው፣ የነፃነት አዋጁን ረቂቅ ግን ከወር በፊት፣ ጁላይ 22፣ ለሚኒስትሮቹ አንብቦላቸው ነበር፣ መሳቢያ ውስጥ ነበረች። አዋጁ ራሱም ጃንዋሪ 1863 ሲወጣ ያመፁትን ቦታዎች ብቻ ነው የሚመለከተው፣ ባርነት እያለባቸው ያልተገነጠሉት ሜሪላንድ፣ ዴላዌር፣ ኬንታኪ እና ሚዙሪ አልገቡበትም። በመጨረሻ የማርች 4፣ 1865 ንግግሩ፣ ከ10 ደቂቃ የማይበልጥ፣ በባሪያዎቹ ላይ ያለው ጥቅም በሆነ መንገድ የጦርነቱ ምክንያት እንደነበር ሁሉም ያውቅ ነበር ያለበት። ከወር ከምናምን በኋላ ተገደለ። አንድ ሰው በአራት ዓመት ውስጥ የት ተነስቶ የት እንደደረሰ ታያላችሁ።

ደረጃ 9፦ ደብዳቤዎች

እኔ ብጠየቅ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው፣ ከድካም በኋላ የሚነበብ ነው። ወደ 180 ሺህ ገደማ ጥቁር ወታደሮች በሰሜን ጦር ተዋግተዋል፣ ብዙዎቹ ጽፈዋል ወይም አስጽፈዋል። ኮርፖራል ጄምስ ሄንሪ ጉዲንግ ሴፕቴምበር 28፣ 1863 በቀጥታ ለሊንከን ጻፈ፦ ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ያገኛል፣ እኛ 10 ተብሎ 3 ለልብስ ይቆረጣል፣ እኛ ወታደሮች ነን ወይስ የቀን ሠራተኞች? ኮንግረስ ክፍያውን ያስተካከለው ጁን 1864 ነው። ጉዲንግ ያኔ ተማርኮ ነበር፣ በጁላይ አንደርሰንቪል የሚባለው የምርኮኞች ካምፕ ውስጥ ሞተ።

ጆርደን አንደርሰን ደግሞ ኦገስት 1865 ከዴይተን ኦሃዮ ለድሮ ጌታው መልስ አስጻፈ። ጌታው ቴነሲ ተመልሰህ ሥራልኝ ብሎት ነበር። መጀመሪያ ላይ ትሕትናው ግራ ያጋባችኋል፣ ካልኩሌተር አውጡ፦ ለኔ የ32 ዓመት በወር 25 ዶላር፣ ለሚስቴ ለማንዲ የ20 ዓመት በሳምንት 2 ዶላር፣ 11,680 ዶላር ይመጣል፣ ለልብስ እና ለሐኪም ያወጣኸውን ቀንስና ቀሪውን ላክልን ይላል። አስልታችሁ እዩት፣ ልክ ነው። ሲዘጋ ደግሞ ስትተኩስብኝ ሽጉጡን ለቀማህ ለጆርጅ ካርተር ሰላምታ በልልኝ ይላል።

ከነዚህ ጋር የአፋልጉኝ ማስታወቂያዎችን አንብቡ። ከጦርነቱ በኋላ ነፃ የወጡ ሰዎች የተሸጡባቸውን እናት፣ ልጅ፣ ባል ለመፈለግ ጋዜጣ ላይ አወጡ፣ ፊላደልፊያ ይታተም የነበረው ክርስቲያን ሪኮርደር ብዙ አለው። ይዘቱ ለኛ አዲስ አይደለም፣ የኛ ሀገር ጋዜጣ እና ቴሌቪዥን ላይ ያየነው ዓይነት ነው፦ እናቴ እንዲህ ትባላለች፣ እገሌ ለእገሌ ሸጣት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት እዚህ ቦታ ነው፣ ቄሶች በቤተ ክርስቲያን አንብቡልኝ። እስከ 1900ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ይወጡ ነበር። በቀን ከሁለት ሦስት በላይ አታንብቡ።

ደረጃ 10፦ የ1930ዎቹ ቃለ መጠይቆች፣ በጥንቃቄ

ከ1936 እስከ 1938 መንግሥት ሠራተኛ ልኮ በባርነት የኖሩ ከ2,300 በላይ ሽማግሌዎችን አነጋግሯል። ሀብት ነው፣ ግን ጠያቂው ማን እንደነበር ሳታዩ አታንብቡት። አብዛኛው ጠያቂ የደቡብ ነጭ ነው፣ ዘመኑ የድህነት ዘመን ነው፣ አዛውንቶቹ ብዙዎቹ ሰውየው ጡረታ የሚያሰጥ የመንግሥት ሰው ይመስላቸው ነበር። ቻርልስተን ውስጥ ሱዛን ሃምሊን የምትባል አሮጊት ለነጭ ጠያቂ ስለ ደጉ ጌታዋ አወራች፣ ለጥቁር ጠያቂ ግን ስለ ግርፋት እና ስለተሸጡ ልጆች አወራች። ሁለቱም ቃለ መጠይቅ አለ። ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው።

ደረጃ 11፦ ደብተሩን ይዛችሁ ውጡ

በዲሲ አካባቢ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ። አናኮስቲያ ኮረብታው ላይ የዳግላስ ቤት አለ፣ ሙዚየም ነው። አሌክሳንድሪያ ዱክ ስትሪት ላይ ፍራንክሊን እና አርምፊልድ የሚባሉ ሰው ሻጮች ቢሮ የነበረው ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፣ ከዛ ቤት ሰው በመርከብ እየተጫነ ወደ ኒው ኦርሊንስ ይላክ ነበር። ሃሪየት ጄኮብስም በጦርነቱ ጊዜ እዚሁ ከተማ መጥታ የሸሹትን ስትረዳ ነበር፣ ጃንዋሪ 1864 ላይ በስሟ የተጠራ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ልጇ ሉዊዛ አስተማረችበት።

እነዛ "ኮንትራባንድ" የተባሉት ሰዎች የተቀበሩበት መካነ መቃብርም እዛው አለ። ከ1864 እስከ 1869 ከ1,700 በላይ ሰው ተቀብሮበታል፣ በኋላ ተረስቶ ላዩ ላይ ነዳጅ ማደያ ተሠርቶበት ነበር፣ በ2014 ነው መታሰቢያ ሆኖ የተከፈተው። ስማቸው የታወቀው በዘመኑ የተያዘ የሟቾች መዝገብ ደብተር ስለተረፈ ነው። ስሞቹ ከነዕድሜያቸው ግድግዳው ላይ ተጽፈዋል፣ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። እኔ ስሄድ ልጄ ጮክ ብላ እያነበበች እኔ እጽፋለሁ፣ እስካሁን አራት ገጽ ደርሰናል።